ልደርስበት ነበር እኮ

ይህን ያለችኝ ደረጃው ላይ ነው። ቱቶሪያሉ አልቆ ሌሎቹ እየተንጫጩ ወደ ካፌ ሲወርዱ እሷ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። «መምህር» አለችኝ፣ «ልደርስበት ነበር እኮ።» ቁጣ የለበትም። ክስም አይመስልም። የሆነውን ብቻ ነገረችኝና ወረደች።

እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ዕለት ባጃጅ ይዤ ሸዋ በር እስክደርስ፣ ከዚያም በጀጎል ግንብ ጥግ ጥግ በእግሬ ቤቴ እስክገባ፣ እራት ቀርቦ እስኪነሣ ድረስ ያቺ ዐረፍተ ነገር ከጆሮዬ አልወጣችም። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። አንዲት የፒሲ ዋን (የቅድመ ክሊኒክ አንደኛ ዓመት) ተማሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል ውይይት በኋላ ሦስት ቃል ተናገረች፤ የሆነው ይኸው ነው። ግን ወሩን ሙሉ አልለቀቀኝም።

የወረቀቱ ልጅ

ፒቢኤልን፣ በችግር ላይ የተመሠረተውን የመማር ዘዴ፣ የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለሌላው ሰው በአጭሩ ልበል። ከ8 እስከ 10 ተማሪ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። የአንድ ታማሚ ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣቸዋል። እነሱ ያነባሉ፣ ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ፤ የማያውቁትን ለይተው ይከፋፈሉና አንብበው ተመልሰው ይመጣሉ። መምህሩ ቲውተር ይባላል፤ ሥራው መንገዱን መጠበቅ እንጂ ማስተማር አይደለም። ነገሩ የተጀመረው ካናዳ ውስጥ፣ ሃሚልተን ባለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ የምንከተላቸው 7ቱ እርምጃዎች ደግሞ ከኔዘርላንድስ፣ ከማስትሪክት የመጡ ናቸው።

የዚያን ቀን ኬዝ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ምሥራቁን አስቤ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ይላል። የ7 ዓመት ልጅ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክርኑን ተመታ። ቤተሰቦቹ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። ጠዋት ጣቶቹ አብጠዋል። ጣቶቹን ሰው ሲዘረጋለት ይጮኻል። እጅ አንጓው ላይ የደም ምት ይዳሰሳል።

እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም ያለኝ የዚህ አካባቢ የአጥንት ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዳንዱ በጊዜ ይደርሳል። አንዳንዱ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ተቆልምመው ከወራት በኋላ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ እጁን ያጣል። ስለዚህ ይህ ኬዝ ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። የክርንን አናቶሚ ያልገባው ሐኪም የሰው እጅ ያስቆርጣል፤ እንዲህ ነው የማየው።

ክፍሉ ትንሽ ናት፤ ፎቅ ላይ ናት። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከተማው ጭር ብሏል፤ ሐረርን የሚያውቅ ይህን ጭርታ ያውቀዋል። መሪያቸው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ «ያጠፋው ወጌሻው ነው» ብሎ ጀመረ፤ ሦስት አራቱ ተቀብለው አራገቡት።

በዚህ መሀል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ፊቱ ቀላ ብሏል። «የእናቴ ወንድም ወጌሻ ነው» አለ። «ሁሉም እንዲህ አያስርም። አጎቴ ሲያስር የጣቶቹን ጫፍ ከጨርቁ ውጭ ያስቀራል። ጥፍሩን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ነጭ ይሆናል። ሲለቀው ቶሎ ካልቀላ ፈትቶ እንደገና ያስራል።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህ ልጅ የተናገረው እኛ ሆስፒታል ውስጥ በጥፍር ላይ የደም መመለስን የምንፈትሽበት ዘዴ ነው፤ ሌላ አይደለም። በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ማለት ባለሙያ ማለት እንደሆነም አስታወሰን፤ ወጌሻ የምንለው ያው ቃል ነው። እስከዚህ ድረስ ውይይቱ እንደዚያ ያማረበት ቀን አላስታውስም።

እሷ ከጥግ ነበረች። ብዙ አትናገርም። ሌሎቹ ስለ ወጌሻ ሲከራከሩ እሷ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች በግራ ክርኗ የፊት ገጽ ላይ አሳርፋ ነበር። ቦታውን በትክክል ነው የያዘችው። ከባይሴፕስ ጅማት ወደ ውስጥ በኩል ጠጋ ብሎ፣ ብራኪያል አርተሪ፣ ትልቁ የክንድ ደም ቅዳ፣ የሚመታበት ቦታ። ትንሽ ቆየችና ጣቶቿን ወደ እጅ አንጓዋ አወረደች። እዚያም ምቱን ፈለገች። ከዚያ የግራ እጇን ጣቶች በቀኝ እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዘረጋቻቸው። አሁንም ዘረጋቻቸው። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ቆይ» አለች። «ቆይ… ሲዘረጉለት ለምንድን ነው የሚጮኸው?»

ማንም አልመለሰም። እሷም ዓይኗን ከእጇ ላይ አላነሣችም። ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ረዘመብኝ። ሰዓቴን አየሁ። 15 ደቂቃ ቀርቶናል። ሌላ ቡድን ውጭ እየጠበቀ ነው። ከዚያ ከወንበሬ ወደ ፊት ሰገግ አልኩና፣ «ብራኪያል አርተሪ ነዋ!» አልኩ። «የተሰበረው የሂዩመረስ፣ የላይኛው ክንድ አጥንት፣ ጫፍ ወደ ፊት ወጥቶ አርተሪውን ተጭኖታል። ደም ወደ ታች አይወርድም። ሕመሙ ከዚያ ነው።»

ጸሐፊው ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ደብተሮች ተከደኑ። እሷም እጇን ከእጇ ላይ አነሣች።

የራሴ ወረቀት

ማታ ላይ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩት። የመጨረሻውን መስመር ሳየው ደነገጥኩ። «እጅ አንጓው ላይ የደም ምት ይዳሰሳል።» ይህን መስመር ከሁለት ዓመት በፊት ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ተማሪ አርተሪው ላይ ደርሶ እንዳይቆም፣ አልፎ እንዲሄድ ብዬ ነው። በተጣደፍኩ ጊዜ ግን የራሴን መስመር ራሴ ረገጥኩት።

አርተሪው በስብራቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። የዚህ ልጅ ታሪክ ግን ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚመራው። የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች ፋሺያ በሚባል ሽፋን ተጠቅልለው በየክፍላቸው ተቀምጠዋል። ፋሺያ ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም። ከስብራቱ ደም ይፈስሳል፣ ጡንቻው ያብጣል፤ ከውጭ ደግሞ ጨርቁ ጠፍሮ ይዞታል። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ትልቁ የደም ቅዳ ግፊቱን ችሎ ያልፋል፤ ለዚህ ነው እጅ አንጓው ላይ ምቱ የሚዳሰሰው። ጡንቻውን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን ይታፈናሉ። ጡንቻው እዚያው ይራባል። በተለይ አጥንቱን ተጠግተው የሚገኙት፣ ጣቶችን የሚያጥፉት ጥልቅ ጡንቻዎች ክፉኛ ይጎዳሉ። የተራበን ጡንቻ ስትዘረጋው ያስጮኻል። ለ6 ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆየ ጉዳቱ ወደማይመለስበት ይሄዳል፤ ልጁ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው ያደረው። የሞተው ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ ያጥራል፤ ጣቶቹንም ጎትቶ ይቆለምማቸዋል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፎልክማን ይህን የጻፈው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው።

እሷ የያዘችው ክር ይህ ነበር። ምቱን ክርኗ ላይ አገኘች፣ እጅ አንጓዋ ላይ አገኘች፣ ከዚያ ወረቀቱ ምት አለ እንደሚል ከጩኸቱ ጋር አጋጨችው። «ደም እየወረደ ከሆነ ሕመሙ ከየት መጣ?» ልትል አንድ እርምጃ ቀርቷታል። ያን እርምጃ እኔ ነጠቅኳት። የነጠቅኳትም ደግሞ በጎደለ መልስ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ የነገ ሐኪም «ምት ካለ ችግር የለም» ወደሚል ሐሳብ ጠጋ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህ የሰው እጅ የሚያሳጣ ስህተት ነው። ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም።

ለምን ቸኮልኩ?

ይህን ለራሴ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ሰዓቱ ማለቁ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። እኔ የተማርኩት በሌክቸር ነው። መምህሬ ገብተው ለሁለት ሰዓት ይናገራሉ፤ እኛ እንጽፋለን። ያወቀ ሰው ይናገራል፣ ያላወቀ ይሰማል። በእኔ አእምሮ መምህር ማለት ያ ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ስል የደመወዜን ሥራ እንዳልሠራሁ ይሰማኛል። ተማሪዎቹስ አያውቅም ቢሉኝ? ይህን ፍርሃት አምኜ ለመጻፍ ጊዜ ወስዶብኛል።

ስለዚህ ነገር ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸው። እሳቸው ሕክምና አያውቁም። በልጅነታቸው ግን ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ሰምተው ሰምተው፣ «ታዲያ እናንተ አዲስ ነገር ነው ትሉታላችሁ?» አሉኝ። ቅኔ ቤት ተማሪው ምሳሌውን ከተቀበለ በኋላ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር ይውላል። ማታ መጥቶ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ካልሆነም ይመልሱታል። «የኔታ ቅኔውን ራሳቸው ቢሰጡት ልጁ ምን ይማራል?» አሉኝ አባቴ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ።» ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠይቀው ስልኩን ዘጉት።

ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የተዋሰ ልብስ፣ የተዋሰ ጌጥ ነበር የሚመስለኝ። የተዋሰ መልስ አልመሰለኝም።

በሩን እንደገና

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገና ሳይጀምሩ አንድ ነገር አልኳቸው። «ባለፈው መልሱን ሰጥቻችሁ ነበር። የሰጠኋችሁ ጎደሎ ነው። ጥያቄውንም ዘግቼባችኋለሁ። ዛሬ እዚያው ጥያቄ ላይ እንጀምር። ወረቀቱን ከመጨረሻው መስመር አንብቡት።» ከዚያ ወንበሬን አነሣሁ።

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል። ነደባዎቹ፣ የመቀመጫ መደቦቹ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የአባወራው ቦታ ነው። እኔም ሳላስተውል እዚያች ክፍል ውስጥ ለራሴ አሚር ነደባ ሠርቼ ኖሯል። ሁሌ ሰሌዳው አጠገብ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ተማሪው ሲናገር የሚያየው ጓደኛውን ሳይሆን የእኔን ፊት ነው፤ ቅንድቤ ከፍ ካለ ሐሳቡን ይቀይራል። ወንበሬን ወስጄ በሩ አጠገብ፣ ከኋላቸው አስቀመጥኩ። የባቢሌ ጠርሙስ ይዤ ነበር። መናገር ባማረኝ ቁጥር አንድ ጊዜ ለመጎንጨት ከራሴ ጋር ተስማማሁ።

መጀመሪያ ላይ ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። ጠርሙሱን አነሣሁ። መሪው የመጨረሻውን መስመር አነበበው። «ምት ካለ አርተሪው ደህና ነው ማለት ነው?» አለ አንዱ። «ታዲያ ለምን ያማል?» አለ ሌላው። ሁለተኛ ጎነጨሁ። የወጌሻው ዘመድ፣ «ጨርቁ ሲጠብቅ የሚያመው ቆዳው ይሆናል» አለ። ስህተት ነው። ሦስተኛ ጎነጨሁ። ይህኛው ከሁሉም ከበደኝ።

ከዚያ እሷ እንደገና ጣቶቿን ዘረጋች። «ቆዳው ቢሆን ጣት ሲዘረጋ አይብስበትም» አለች፣ ለልጁ እንጂ ለእኔ አይደለም። «ጣት ስንዘረጋ የሚሳበው እዚህ ያለው ጡንቻ ነው።» የታችኛውን ክንዷን ውስጠኛ ገጽ አሳየችው። «ጡንቻው ነው የታመመው። አብጧል። ማበጥ ብቻ ከሆነ ግን… እግሬ ሲያብጥ እንዲህ አልጮኽም።» ዝም አለች። ማንም አልተናገረም። ውጭ መኪና አለፈ። «ማዳበሪያ ውስጥ ከሆነስ?» አለች። «ሞልቶ የተሰፋ ማዳበሪያ። ሌላ እፍኝ ብትጨምርበት የት ይገባል?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስት ልጆች ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ማዳበሪያው ምንድን ነው? ጡንቻን የሚሸፍን ነገር አለ? ስንት ክፍል ነው? ነርቮቹስ እዚያው ውስጥ ናቸው? የደም ሥሮቹስ? በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያነቡትን ዝርዝር ራሳቸው ጻፉ። በእኔ ሌክቸር ላይ ፋሺያ በአንድ ስላይድ የሚያልፍ፣ ተማሪ የሚያዛጋበት ርዕስ ነው። ያን ቀን ፋሺያን ለማንበብ ተጣሉ፤ «እኔ ልውሰደው፣ እኔ ልውሰደው» ተባባሉ።

ጠረጴዛው ላይ

በዚያው ሳምንት ዳይሴክሽን ክፍል ገባን። ፎርማሊኑ እንደተለመደው ዓይን ያቃጥላል። በአንድ አስከሬን ዙሪያ ብዙ ተማሪ ስለሚቆም ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጋውን ነው። እሷን ወደ ፊት አሳለፍኳት። ቆዳው ተነሥቷል። ነጩ ፋሺያ የታችኛውን ክንድ እንደ ጠባብ እጅጌ ለብሶታል።

በመቀስ ትንሽ ቀዳዳ ከፈተች። አንዱን ጣቷን አስገብታ ወደ ላይ ለማንሣት ሞከረች፤ እምቢ አላት። በኃይል ሳበችው፤ አሁንም እምቢ አለ። ቀና ብላ የወጌሻውን ዘመድ ፈለገችና፣ «ና፣ አንተም ሞክረው» አለችው። እሱም ጣቱን አስገባ። ቆየና፣ «አጎቴ ይህን ቢዳስሰው ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ እሷ ፋሺያውን ከክርን እስከ እጅ አንጓ በረጅሙ ቀደደችው። ልጁን ለማዳን ቀዶ ሐኪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማንም ግን አልነገራትም። የታሰረውን ነገር መፍታት መጀመሪያ፣ ካልበቃ ፋሺያውን መክፈት።

በዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ስለዚህ ፋሺያ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ የሳበው ተማሪ ግን ትዝ አይለኝም። ሁሉም ያየዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ወደ ጡንቻው ያልፋል። እንቅፋት ነው የሚመስለው። ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው ግን እንቅፋቱ ላይ ይቆማል።

ሁሉን ግን ፒቢኤል አይፈታውም

እዚህ ላይ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሌክቸር ይቅር» ሲሉ አልስማማም። ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ የክንድን የነርቭ መረብ፣ በውይይት የሚያገኘው ተማሪ የለም። ከአንገት 5 ሥሮች ይነሣሉ፣ 3 ግንድ ይሆናሉ፣ 6 ቦታ ይከፈላሉ፣ በ3 ገመድ ይሰባሰባሉ፣ መጨረሻ ላይ 5 ዋና ነርቮች ይወጣሉ። ይህን የሚያውቀው ቁጭ ብሎ የሣለ፣ ቀድዶ ጥሎ እንደገና የሣለ፣ ከዚያም አንድ ሰው በትዕግሥት ያሳየው ተማሪ ነው። ሌክቸሩም ሥዕሉም ጠረጴዛውም ያስፈልጋሉ። መምህርም ያስፈልጋል። ከተሳሳተ መልስ ጋር ወደ ቤት የሚሄድ ቡድን ካለ ዝም ብሎ ማየት ቲውተርነት አይደለም፤ ግዴለሽነት ነው። ያ የቆዳ መልስ ሳይታረም ክፍለ ጊዜው ቢያልቅ ኖሮ አፌን እከፍት ነበር።

ለፈተና ተብሎ የተሸመደደው ግን እንዴት እንደሚጠፋ አይቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የአናቶሚ ፈተና ላይ ድፍን ያመጣ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲ ዋን (የክሊኒክ አንደኛ ዓመት) ላይ ታማሚ ፊት ቆሞ የክርን ፊት ለፊት ምን እንዳለ ሲጠፋው አብሬው ቆሜያለሁ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የተማረውን የሚያስርበት ሰው አልነበረውም። አርተሪው የማንም ልጅ አርተሪ አልነበረም።

አሁን ቲውተር ስሆን ሰዓቴን ኪሴ ውስጥ አደርጋለሁ። ወንበሬ በሩ አጠገብ ነው። አሁንም እሳሳታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጎንጭቼ አራተኛው ላይ አፌን እከፍታለሁ። ኬዙንም አሻሻልኩት። ወጌሻውን ጥፋተኛ አድርጌ የጻፍኩበትን አካሄድ ቀየርኩና ጥፍሩን ተጭኖ የሚያይ ወጌሻ ጨመርኩበት። ያ ተማሪ ረቂቁን አንብቦ ሁለት ቃል አርሞልኛል።

ባለፈው ማክሰኞ አዲስ ቡድን ያንኑ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፣ ድምፁ የማይሰማ። ሌሎቹ ሲጯጯሁ እሱ ሁለት ጣቱን ክርኑ ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ እጅ አንጓው ላይ። ከዚያ የራሱን ጣቶች ይዞ ወደ ኋላ ዘረጋና ዝም አለ።

ጠርሙሴን አነሣሁ።